የመኪና በር ውስጥ ያሉ ሽቦዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መስታወቱ አልወርድ ይላል። ሴንተር ሎኩ ሦስቱን በር ቆልፎ አራተኛውን ይተወዋል። ስፒከሩ በሩ ሲዘጋ ድምፁ ይጠፋል፣ ሲከፈት ይመለሳል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው በር ውስጥ ያለውን ትንሽ ሞተር መቀየር ነው። ያገለገለ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ይሄዳል፣ ያገለገለ ሞተር ይገዛል፣ ያስገጥማል። ችግሩ ግን ካለበት ፈቀቅ አይልም።

የመኪና በር ለኤሌክትሪክ አስቸጋሪ ቦታ ነው። ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል፣ ይላተማል። ውስጡ ይረጥባል። ፀሐይ ላይ ሲቆም ይግላል። እዚያ ውስጥ ያለ ግንኙነት ውኃውንና እንቅስቃሴውን አስቦ ካልተያዘ ዕድሜ የለውም። ገንዘብ የሚያስወጡት የተሳሳቱ አመለካከቶችም አብዛኞቹ እነዚህን ሁለት ነገሮች ከመርሳት የሚመጡ ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሽቦው ከላይ ደህና ከሆነ ውስጡም ደህና ነው»

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ብዙ የበር ብልሽት የሚጀምረው እዚህ ነውና። በሩን ስትከፍቱ ከማጠፊያው አጠገብ፣ በበሩና በመኪናው አካል መሃል፣ የተሸበሸበ ጥቁር ጎማ ታያላችሁ። ወደ በሩ የሚሄደው ሽቦ የሚያልፈው በዚያ ጎማ ውስጥ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦዎቹ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ። የሾፌሩ በር ደግሞ ከሁሉም በላይ ይሠራል፤ ሽቦውም ብዙ ነው።

የሽቦው መዳብ የቀጫጭን ክሮች ጥቅል ነው። ክሮቹ ከመታጠፍ ብዛት አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። የላይኛው ፕላስቲክ ግን ስለሚለጠጥ ሳይቀደድ ይቆያል። ለዓይን ሽቦው ሙሉ ነው። ጎማውን ከአንዱ ጫፍ አላቁትና ሰብስቡት። ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ጤነኛው ሽቦ ንቅንቅ አይልም። የተበጠሰው ይለጠጣል፤ የተበጠሰበት ቦታ ላይም ከጣታችሁ ሥር ለስለስ ይላል፣ መዳቡ የለማ።

ጎማውን ሳትነኩም መገመት ይቻላል። የመስታወቱን ማብሪያ ተጭናችሁ በሩን ቀስ እያላችሁ ክፈቱት፣ ዝጉት። አንድ ቦታ ላይ ሠርቶ ሌላ ቦታ ላይ ካቆመ፣ ሞተር ለመግዛት አትቸኩሉ።

«ቴስተሩ 12 ቮልት ካሳየ ሽቦው ጤነኛ ነው»

ባለሙያውንም ባለመኪናውንም የሚያሳስት ነገር ነው። ዲጂታል ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ራሱ የሚስበው ጅረት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ከጥቅሉ አንዲት ክር ብቻ ብትቀር እንኳ 12 ቮልት ያሳያል። የመስታወት ሞተር ግን በርከት ያለ አምፔር ይፈልጋል። 10 አምፔር በሚያልፍበት መስመር ላይ 0.3 ኦም ተቃውሞ ካለ 3 ቮልት እዚያው ይቀራል። ለሞተሩ የሚደርሰው 9 ነው። መስታወቱ እየተንፏቀቀ ይወጣል፣ ወይ መሃል ላይ ይቆማል።

ስለዚህ መለካት ያለበት ሞተሩ እየጎተተ ሳለ ነው። ሞተሩ ከተነቀለ ደግሞ በቦታው ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ማያያዝ ይቻላል። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከበራ መስመሩ ቢያንስ የአምፖሉን ያህል ሸክም ይችላል። ከፈዘዘ ችግሩ ሽቦው ወይም ማሳው (ጅረቱ በመኪናው አካል በኩል የሚመለስበት መስመር) ላይ ነው። ማሳውን አትርሱት፤ ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚታለፈው እሱ ነው።

ሌላም አለ። የቴስተሩን ሹል ጫፍ የኮኔክተሩ (የሽቦ ማያያዣው) ሴቴ ቀዳዳ ውስጥ ከፊት በኩል መጎርጎር ልማድ ሆኗል። ውስጥ ያለችው ቀጭን ብረት በዚያ ትከፈታለች፣ ወንዴውን አጥብቃ መያዝ ይሳናታል። ከዚያ በኋላ ጠፋ መጣ ይጀምራል፤ ቦታው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ቡናማ ይሆናል። መለካት የሚሻለው ከኋላ፣ ሽቦው በሚገባበት በኩል፣ በቀጭን መርፌ ነው።

«የተበጠሰውን በሊድ ማጣበቅ ከሁሉ ይጠነክራል»

ሊድ፣ ማለትም በሙቀት ቀልጦ ሽቦ የሚያጣብቀው ብረት፣ በማይንቀሳቀስ ቦታ በደንብ ከተሠራ ጥሩ ነው። በጎማው ውስጥ ግን አይሆንም። ሊዱ ሲቀልጥ በክሮቹ መሃል እየተሳበ ይገባና ያን ያህሉን ሽቦ ደረቅ ዘንግ ያደርገዋል። በሩ ሲከፈት መታጠፉ ሁሉ ሊዱ ያለቀበት ጠርዝ ላይ ያርፋል። ብዙም ሳይቆይ ልክ እዚያው ላይ ይበጠሳል።

ትክክለኛው መንገድ የተጎዳውን ክፍል ቆርጦ ማውጣት ነው። በምትኩ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው፣ ክረ ብዙና ለስላሳ ሽቦ ይገባል። መጋጠሚያዎቹ ከጎማው ውጭ ይወጣሉ፤ አንዱ በር ውስጥ፣ ሌላው በመኪናው አካል በኩል። ለሽቦው ልክ በሆነ ቱቦና በትክክለኛ መጭመቂያ ይጨመቃሉ። በፒንሳ ወይም በጥርስ የተጨመቀ አይቆጠርም። ከላይ በሙቀት የሚኮማተር፣ ውስጡ ማጣበቂያ ያለው ልባስ ይደረጋል። ብዙ ሽቦ ከሆነ ደግሞ መጋጠሚያዎቹ ጎን ለጎን እንዳይከመሩ ርቀታቸው ይለያይ።

ከቀኝ መሪ ወደ ግራ መሪ የተቀየረ መኪና ያላቸው ሰዎች ይህን ቢያስፈትሹ እመክራለሁ። ዋናው የመስታወት ማብሪያ ወደ ሌላው በር ሲዛወር ሽቦ የተቀጠለባቸው አሉ። ቅጥሉ ጎማው ውስጥ ከተቀበረ ጊዜ መጠበቅ ብቻ ነው የቀረው።

«ሽቦ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ አይበላሽም»

ቦታው ይወስነዋል። ማጠፊያው አጠገብ ጥብቅ ማድረግ ሽቦውን መግደል ነው፤ በሩ እስከ መጨረሻ ሲከፈት የሚለቀው ትርፍ ያስፈልገዋል። በር ውስጥ፣ መስታወቱ በሚወርድበትና የማውጫው ገመድ በሚሄድበት በኩል ግን በተቃራኒው ልል ሽቦ አደጋ ነው። መስታወቱ እየወረደ ይልጠዋል፣ መዳቡ ቆርቆሮ ሲነካ ኮንታክት (ሾርት) ይሆናል። ፋብሪካው ሽቦውን በየቦታው በፕላስቲክ መያዣ የሰካው ለዚህ ነው። ፓኔሉ (የበሩ የውስጥ ሽፋን) ሲፈታ እነዚያ መያዣዎች ይሰበራሉ፣ አዲስ ሳይገባላቸውም ይዘጋል። አዳዲሶቹ ውድ አይደሉም፤ ተተኩ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

«ውኃ በር ውስጥ ከገባ ጎሚኒው ተበላሽቷል ማለት ነው»

ውኃ በር ውስጥ ይገባል፤ ጤነኛ መኪናም ላይ ይገባል። በመስታወቱና በውጪው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) መሃል እየሾለከ ይወርዳል። መኪናው የተሠራውም ይህን ታስቦ ነው። ውኃው ወደ ታች ፈስሶ ከበሩ ሥር ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ችግር የሚመጣው ቀዳዳዎቹ በጭቃና በአቧራ ሲደፈኑ ነው። ያኔ ውኃው ይተኛል፣ ስፒከሩም ኮኔክተሩም ይርሳሉ። ክረምት ሳይገባ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ፕላስቲክ ጥረጓቸው። ብረት አትጠቀሙ፣ ቀለሙን ይጭረዋል፤ ዝገት ይጀምራል።

ኮኔክተሩ ጋ የሚመጣው ሽቦ ደግሞ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቢመለስ ጥሩ ነው። ጠብታው ሽቦውን ይዞ ሲወርድ ከዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ኮኔክተሩ አይገባም።

«ከፓኔሉ ጀርባ ያለችው ፕላስቲክ ትርፍ ናት»

ፓኔሉ ሲነሳ ከጀርባው በጥቁር ሙጫ የተለጠፈ ፕላስቲክ ወይም ስፖንጅ መሳይ ነገር አለ። አላርም ወይም ስፒከር ሲገጠም ተቀዶ የሚጣለው እሱ ነው። ሥራው ግን ከባድ ነው፤ የበሩን እርጥብ ክፍል ከደረቁ ይለያል። እሱ ከተቀደደ ውኃው በፓኔሉ በኩል ወደ ማብሪያው፣ ከዚያም ወደ ምንጣፉ ይመጣል። ባለመኪናው የፊት መስታወት ያፈስሳል ብሎ ሲደክም ይከርማል። አንዳንድ መኪኖች ላይ በጎን የሚመጣን ግጭት ለኤርባጉ የሚያሳውቀው መሣሪያ በር ውስጥ የአየር ግፊት የሚለካ ነው። እሱም በሩ ውስጥ ያለው አየር በትክክል መታፈኑን ይፈልጋል። ጥቁሩ ሙጫ ሳይቀደድ ሊነሳ ይችላል፤ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ሲደረግ ይለቃል፣ መልሶም ይይዛል።

«ሲሊኮን ከተሞላበት ውኃ አይነካውም»

መስኮት የሚታሸግበት፣ ሲቀባ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን እየደረቀ ሳለ አሴቲክ አሲድ ይለቃል። አሲዱ መዳብ ይበላል። ከወራት በኋላ ስትከፍቱት አረንጓዴ ዱቄት ታገኛላችሁ። ለሽቦ የተሠራ ልባስና የራሱ የኮኔክተሩ ጎሚኒ እያሉ ሲሊኮን አያስፈልግም።

«ማብሪያው ካስቸገረ ዘይት መንፋት ነው»

ይህኛው በቶዮታ ታሪክ ይታወቃል። በ2012 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር ኩባንያው በዓለም ዙሪያ 7.43 ሚሊዮን ያህል መኪና ጠራ። ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ካምሪ፣ ራቭ 4 ሁሉ ነበሩበት። ምክንያቱ የሾፌሩ በር ዋና የመስታወት ማብሪያ ነበር፤ ግሪሱ እኩል ሳይቀባ ቀርቶ ማብሪያው ይንቀጫቀጭ ነበር። ኩባንያው ያኔ ያስጠነቀቀው ከገበያ የተገዛ ማለስለሻ እንዳይጨመርበት ነው፤ ማብሪያው ሊቀልጥና ሊጨስ ይችላልና። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ በተመሳሳይ ማብሪያ ምክንያት 6.5 ሚሊዮን ያህል ጠራ። እኛ መንገድ ላይ የሚሮጡት ቪትዝና ኮሮላዎች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ናቸው። ስለዚህ ማብሪያ ውስጥ ምንም አትንፉ። ቆሻሻ ከሆነ ቅባት ሳይተው የሚተን የኮንታክት ማጽጃ አለ፤ ካልሆነ ይቀየራል።

ከዚህ ጋር የሚደበላለቅ ነገር ስላለ ልለየው። ለኮኔክተር ጎሚኒ የሚቀባ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የሲሊኮን ግሪስ አለ። «የማያስተላልፍ ከሆነ ጅረቱን ይከለክላል» ብለው የሚፈሩት አሉ። አይከለክልም። ብረትና ብረት ሲጨቋቆኑ ግሪሱ ከመሃል ይገፋል፤ ዙሪያውን ሆኖ እርጥበት ይመልሳል። ስስ ቅባት ይበቃል።

«ናስትሮ ናስትሮ ነው»

ለቤት የሚሆነው የሚያብረቀርቅ ናስትሮ በር ውስጥ ሲግል ሙጫው ይቀልጣል፣ ይላቀቃል፣ ሽቦውን አጣባቂ ያደርገዋል። ለመኪና የጨርቅ ናስትሮ አለ። ሙቀት ይችላል፣ ሽቦው ከቆርቆሮ ጋር ሲጋጭ የሚሰማውን ኳኳታም ያጠፋል።

«ፊውዙ እየተቃጠለ ካስቸገረ ከፍ ያለ ይግባበት»

በጭራሽ። ፊውዝ የተቀመጠው ሽቦውን ለመጠበቅ ነው። 20 አምፔር በነበረበት 30 ሲገባ፣ የተላጠው ሽቦ ቆርቆሮ ሲነካ የሚቃጠለው ፊውዙ መሆኑ ይቀርና ሽቦው ራሱ ይሆናል። ከመቀመጫው ጎን የሚነሳ እሳት ማለት ነው።

«የኤሌክትሪክ መኪና በር አይነካም፣ ይገድላል»

ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ይህ ፍርሃት በዝቷል። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሄድባቸው ገመዶች ብርቱካናማ ናቸው፤ በር ውስጥ አይገቡም። የበሩ መስታወት፣ ቁልፍና ስፖኪዮ በተለመደው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ነው የሚሠሩት። በማንኛውም መኪና በር ውስጥ መጠንቀቅ ያለባችሁ ቢጫ ኮኔክተር ካለ ነው። የኤርባግ መስመር ነው። ባትሪው ሳይነቀልና የመኪናው መመሪያ የሚለው ደቂቃ ሳያልፍ አይነካም፤ በቴስተር ኦምም አይለካም።

«ፓኔሉ ከተገጠመ በኋላ መሞከር ይበቃል»

አይበቃም። ያኔ ምንም አይታይም። ፓኔሉ ተነስቶ ሳለ መስታወቱ እስከ ታች ወርዶ እስከ ላይ ይውጣ፤ ዓይናችሁ ሽቦው ላይ ይሁን። በሩ እስከ መጨረሻ ይከፈት፣ ጎማው ውስጥ የሚሳብ ነገር አለ? እያንዳንዱ ኮኔክተር ቀጭ ብሎ መግባቱን ስሙ፣ ከዚያ መልሳችሁ ሳብ አድርጉት። ሁለተኛ መቆለፊያ ያላቸው አሉ፤ እሱም ተገፍቶ ይግባ። ከመስታወቱ ላይ አንድ ጆግ ውኃ አፍስሱና ከሥር በቀዳዳው መውጣቱን እዩ። ፕላስቲኳ ዙሪያዋን ይዛለች? የታችኛው ጫፏ ወደ በሩ ውስጥ ታጥፏል? ፓኔሉ ከዚህ በኋላ ይመታ።