የጉልበት ውልቃት ምንድን ነው?

«ጉልበቱ ወልቆ ወዲያው ተመለሰ» የሚል ማስታወሻ በሕክምና ካርድ ላይ ተጽፎ፣ ምርመራዎችን በመለያ ኮድ የሚመዘግበው ኮድ ሰጪም ሳይጠይቅ በአይሲዲ-10፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የበሽታዎችና የጉዳቶች መለያ ዝርዝር፣ የጉልበት ውልቃት መለያ በሆነው ኤስ83.1 ሲመዘግበው ደጋግሜ አይቻለሁ። የምርመራው ገጽ ሲነበብ ግን ከቦታው የወጣው የጉልበት ሎሚ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ የእርሱ መለያ ኤስ83.0 ነው። አንድ አስተያየት ሰጪ «ሁለቱም የጉልበት ውልቃት ናቸው፤ ልዩነታቸው የአንድ አኃዝ ነው» ሲሉ ተከራክረዋል። ያ አንድ አኃዝ የሚለየው ግን ክብደታቸው የማይቀራረብ ሁለት ጉዳቶችን ነው።

በርን እናስብ። የጉልበት ሎሚ በጭን አጥንት ፊት ባለው ቦይ ውስጥ የሚንሸራተት መቀርቀሪያ ነው፤ ከቦዩ ሲወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜም ወደ ውጭኛው ጎን ነው የሚወጣው፣ በሩ ራሱ በማጠፊያው ላይ እንደቆመ ይቆያል። የጉልበት ውልቃት የምንለው የቅልጥም አጥንት ከጭን አጥንት ሲለያይ፣ ማለትም በሩ ከነማጠፊያው ሲነቀል ነው። ማጠፊያውን የያዙት ብሎኖች ጅማቶቹ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም ከአንድ በላይ ይበጠሳሉ። ከማጠፊያው ጀርባ ተጠግቶ የሚያልፍ የውኃ ቧንቧ አለ ብንል፣ እርሱ ከጉልበት በስተኋላ ያለው ደም ቅዳ ነው፤ በሩን መልሶ ማቆም ቧንቧው አለመሰንጠቁን አያረጋግጥም፤ የእግር ትርታ መዳሰሱም ብቻውን አያረጋግጥም። ደም የተቋረጠበት እግር ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ደም ካልተመለሰለት የመቆረጥ አደጋው በእጅጉ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት የደም ቅዳው ጉዳት ኤስ85.0፣ በጉልበት ውጭኛ ጎን የሚያልፈው ነርቭ ጉዳት ደግሞ ኤስ84.1 ተብለው ለየብቻ ይመዘገባሉ እንጂ በውልቃቱ ኮድ ውስጥ አይጠቃለሉም።

ብዙ የጉልበት ውልቃቶች ሐኪም ሳያያቸው በራሳቸው ስለሚመለሱ ራጁ አጥንቶቹን በቦታቸው ያሳያል፤ ያን ጊዜ ጉዳቱ «ወለምታ» ተብሎ ይቀራል። ኮድ ሰጪው ከተበጠሱት ጅማቶች ብዛት ተነሥቶ «ውልቃት ነበረ» ብሎ መደምደም አይችልም፤ ሐኪሙ «በራሱ የተመለሰ የጉልበት ውልቃት» ብሎ መጻፍ፣ ኮድ ሰጪውም ከተጠራጠረ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። አቅጣጫውም የሚነገረው በቅልጥሙ ነው፤ «ወደ ኋላ» ሲባል ቅልጥሙ ከጭን አጥንት ጀርባ ሄዷል ማለት ነው።

በአሜሪካ በሚሠራበት የአይሲዲ-10 ቅጂ የአቅጣጫውና የቀኝ ግራው ልዩነት በኮዱ ውስጥ ይገባል፤ በ7ኛው ቦታ የሚጻፈው «ኤ» ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት የመጀመሪያ ጉብኝትን ሳይሆን ጉዳቱ ገና በመታከም ላይ መሆኑን ያመለክታል። ደጋግሞ የሚወልቅ የጉልበት ሎሚ ኤም22.0 ነው፤ ሰው ሠራሽ ጉልበት ሲወልቅም ወደ ቲ84 ይሄዳል እንጂ ኤስ83 ውስጥ ቦታ የለውም።