የመድረክ ፍርሃት ምንድን ነው? (በራስ መተማመን ማጣት ግን አይደለም)

«በራሱ የሚተማመን ሰው መድረክ አይፈራም።» አነቃቂ ንግግር አቅራቢዎች ይህን ሲሉ መስማት ተለምዷል። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «መጀመሪያ ፍርሃትህን ከውስጥህ አውጣ፣ ከዚያ መድረክ ላይ ውጣ» ብሎ ጨምሮበታል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ምክሩን የተቀበለ ሰው ፍርሃቱ እስኪለቀው ሲጠብቅ ዓመታት ይነጉዳሉ፤ አልለቀው ባለ ቁጥርም «ለካ በራሴ አልተማመንም» የሚል ሌላ ሸክም ይደርብበታል።

የመድረክ ፍርሃት ብዙ ዓይን ሲያርፍበት ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ነው። አድሬናሊን የተባለው የድንጋጤ ሆርሞን ይለቀቃል፤ ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሐኪምም፣ ዕድሜውን ሲያስተምር የኖረ መምህርም ይደርስበታል። ምላሹ የሚበረታው ንግግሩ ሊጀመር ሲልና በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ደቂቃዎች ነው፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይበርዳል።

እግረ መንገዴን፣ «ሰው ከሞት ይልቅ ንግግር ማድረግን ይፈራል» የሚባለው ነገር መነሻው እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ የተደረገ መጠይቅ ነው። መላሾቹ የሚፈሩትን ሁሉ ከዝርዝር እንዲመርጡ ነበር የተጠየቁት። 41 በመቶው ንግግርን፣ 19 በመቶው ሞትን መረጡ። ከሁለቱ የትኛውን አብልጠው እንደሚፈሩ የጠየቃቸው የለም።

ታዲያ የመድረክ ፍርሃት በምን ይለዝባል? አዲስ ምጣድ በሚሟሽበት መንገድ። ጎመን ዘር በቀዝቃዛ ምጣድ ላይ ሲያሹት ቢውሉ ፋይዳ የለውም፤ ምጣዱ መጋል አለበት። መድረክም የሚለመደው ልብ እየመታ፣ ሙቀቱ በራሱ እስኪበርድ ቆሞ በመናገር ነው። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ይጣበቃሉ፣ ይቀደዳሉ። እንጀራው በተጣበቀ ቁጥር እሳቱን የሚያጠፋ ሰው ምጣዱን መቼም አያሟሽም፤ ልቡ መምታት ሲጀምር ንግግሩን ቆርጦ የሚወርድም እንዲሁ ነው። አእምሮው የሚይዘው «የተረፍኩት ስለወረድኩ ነው» የሚለውን ነውና የሚቀጥለው ይብስበታል። በአዲስ ምጣድ ላይ ከመነሻው ትልቅ እሳት ማንደድ ግን ይሰነጥቀዋል፤ ጀማሪን አምስት መቶ ሰው ፊት ገፍቶ ማቆምም ምክር አይደለም።

ስለዚህ በትንሹ ይጀመራል፦ ሁለት ሦስት ሰው ፊት ቆሞ ሁለት ደቂቃ መናገር፣ ይህንኑ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ መድገም። ቀጥሎ ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ መጠየቅ፣ ከዚያ በእድር ስብሰባ አጭር ሪፖርት ሳያነቡ ማቅረብ፣ ማይክ በመጨረሻ። ወደሚቀጥለው ለማለፍ ፍርሃቱ እስኪጠፋ አይጠበቅም፤ መጀመሪያ ከነበረው ወደ ግማሽ ከወረደ ይበቃል።

«መስታወት ፊት ተለማመድ» የሚለውም ያናድደኛል። መስታወት የሚያለማምደው ራስን መመልከት ነው፤ የሚፈራ ሰው ችግሩ ደግሞ ድሮም ይኸው ነው። እየተናገረ የድምፁን መንቀጥቀጥ ያዳምጣል፣ ላቡ የታየበት ይመስለዋል። ውስጡ የሚሰማውን ያህል ግን ከውጭ አይታይም። ሳቪትስኪና ጊሎቪች የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ይህ አስቀድሞ የተነገራቸው ተናጋሪዎች ካልተነገራቸው የተሻለ ንግግር አድርገዋል። ከመስታወት ይልቅ አንድ አድማጭ ማስቀመጥና ሲያበቁ «ምን ገባህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ቃል በቃል መሸምደድም ወጥመድ ነው፤ አንድ ቃል ከጠፋ ተከታዩ ሁሉ ይጠፋል። የሚሸመደዱት የመክፈቻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው፣ ምክንያቱም ፍርሃቱ የሚበረታው እዚያ ላይ ነው። ለቀሪው አራት አምስት ቁልፍ ቃላት መዳፍ በምታክል ጠንካራ ካርድ ላይ መጻፍ ይበቃል። ሙሉ ገጽ ወረቀት የእጅን መንቀጥቀጥ አጉልቶ ያሳያል፣ ማይክ አጠገብም ይንኮሻኮሻል። ከመውጣት በፊት ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር በአፍንጫ መሳብ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት። «በደንብ ተንፍስ» ስለተባለ ቶሎ ቶሎ አየር መጎረስ ግን ያዞራል፣ ጣትም ያደነዝዛል። ቡና መንቀጥቀጡን ስለሚያብስ ከንግግሩ በኋላ ቢጠጣ ይመረጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍርሃቱ መድረክ ላይ ብቻ ካልቀረ፣ ሰው ፊት መብላትን፣ ስልክ ማንሳትን፣ እንግዳ ማነጋገርን ካስተወና ወራት ከቆየ፣ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ለንግግር ሲባል ከሰው ተቀብሎ የሚዋጠው ፕሮፕራኖሎል የተባለ መድኃኒት የልብ ምትንና መንቀጥቀጥን ይቀንሳል፤ አስም ላለበት ሰው ግን አደገኛ ነው፣ የደም ግፊትንም ይጥላል። ሐኪም ካዘዘው ደግሞ የመጀመሪያው ፍሬ የሚሞከረው ንግግር በሌለበት ቀን፣ ቤት ውስጥ ነው።