የቴክሳስ የወንጀል ፍትሕ መምሪያ የሥልጣን ዕድሳት

በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ማረሚያ ቤቶችን የሚያስተዳድረው የወንጀል ፍትሕ መምሪያ የሥራ ዘመኑን የሚያገኘው ሕግ አውጪው በየጊዜው በሚያወጣው የማራዘሚያ ሕግ ነው። መምሪያው እ.ኤ.አ. በ1989 የማረሚያ ቤቶችን፣ የአመክሮንና የገደብን ሥራ አጠቃልሎ የተመሠረተ ሲሆን፣ የሚመራውም አገረ ገዥው በሚሾማቸው ዘጠኝ የቦርድ አባላት ነው።

የዕድሳቱ ግዴታ የመነጨው እ.ኤ.አ. በ1977 ከወጣው የሰንሴት ሕግ ነው፤ ሕጉ ለአብዛኞቹ የግዛቱ መሥሪያ ቤቶች የማብቂያ ቀን ይቆርጣል። ቀኑ ሲቃረብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ዓመት አንዴ፣ አምስት ሴናተሮች፣ አምስት የተወካዮች ምክር ቤት አባላትና ሁለት የሕዝብ ተወካዮች ያሉት ኮሚሽን የመሥሪያ ቤቱን አሠራር ያስመረምራል፣ በግልጽ ስብሰባ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፣ ከዚያም ይቀጥል ወይም ይፍረስ የሚለውን ምክረ ሐሳብ ያቀርባል። ሕግ አውጪው መደበኛ ጉባኤውን የሚያካሂደው በሁለት ዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ለ140 ቀናት በመሆኑ ጊዜው ጠባብ ነው። የማራዘሚያው ሕግ ሳይጸድቅ ከቀረ መሥሪያ ቤቱ ሥራውን የሚዘጋበት አንድ ዓመት ይሰጠዋል።

ከመቶ ሺህ በላይ እስረኞችን የያዘ ተቋም በዚህ መንገድ ይዘጋል ብሎ የሚያስብ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የቧንቧ ሠራተኞችን የሚቆጣጠረው ቦርድ እንኳ ዕድሳቱ ሲከሽፍበት፣ አገረ ገዥ ግሬግ አቦት ለሃርቪ አውሎ ነፋስ በታወጀው የአደጋ ጊዜ ሥልጣን ዕድሜውን አራዝመውለታል። የማብቂያው ቀን እውነተኛ ጉልበት ሌላ ቦታ ነው፦ የማራዘሚያው ረቂቅ የግድ መጽደቅ ስላለበት፣ ብቻውን ቢቀርብ ሊወድቅ የሚችል ማሻሻያ አብሮት ያልፋል፤ ምርመራውም ሌላ ጊዜ የማይነሡ ጥያቄዎችን ያስነሣል።

የእ.ኤ.አ. 2007 ዕድሳት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የሕግ አውጪው የበጀት ቦርድ እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ድረስ 17,000 ያህል ተጨማሪ የእስረኛ አልጋ እንደሚያስፈልግ ተንብዮ ነበር። ሴናተር ጆን ዊትማየርና የተወካዮች ምክር ቤት አባሉ ጄሪ ማደን ግን፣ ከሰንሴት ምርመራው ግኝቶች ጋር በሚስማማ አቅጣጫ፣ አዲስ እስር ቤት ከመገንባት ይልቅ ለሱስ ሕክምናና ከእስር ውጭ ለሚፈጸሙ ቅጣቶች 241 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ አደረጉ። የማራዘሚያው ሕግም በዚያው ጉባኤ ጸደቀ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የኮሚሽኑ ባለሙያዎች ሪፖርት ትኩረቱን ያደረገው በጥበቃ ሠራተኞች እጥረትና በረጅም ጊዜ ዕቅድ ጉድለት ላይ ነው። በዚሁ ዙር የይቅርታና አመክሮ ቦርዱም ታይቷል፤ እሱ ግን በሕገ መንግሥቱ የተቋቋመ በመሆኑ ይመረመራል እንጂ በሰንሴት ሕግ አይፈርስም።