ለታሰሩት ስንቅ ማድረስ

ስንቅ ያመላለሰ ሰው ያውቀዋል። ምግቡን ቋጥረህ እስር ቤት በር ላይ ትሰለፋለህ። ጠባቂው ክዳኑን ከፍቶ ያያል፤ አንዳንዴም «ቅመስ» ይልሃል። ታሳሪውን አታየውም። ባዶው ሳህን ሲመለስልህ ግን ልብህ ያርፋል። በልቷል፣ አለ ማለት ነው። በደርግ ዘመን «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» የተባሉ እናቶች ምን እንደተነገራቸው ወዲያው ይገባቸው ነበር።

ወገኖቼ፣ ዕብራውያን 13፥3ን ሳነብ ይህ ሰልፍ ነው ትዝ የሚለኝ። እስረኞችን አብራችሁ እንደታሰራችሁ ሆናችሁ አስቡ ይላል። እኛ ደግሞ ጸሎቱ ሊያልቅ ሲል «በየእስር ቤቱ፣ በየሆስፒታሉ ያሉትን አስብ» ብለን በአንድ ትንፋሽ እናልፋቸዋለን። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ስጸልይ ኖሬያለሁ።

የወላይታ ታሪክ ነው ያነቃኝ። ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሚስዮናውያን ሶዶን ለቀው ወጡ። የተጠመቁት ምእመናን ያኔ 48 ያህል ነበሩ። በቋንቋቸው የነበራቸው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ክፍሎች ነው። ከዚያ ዱላው መጣ። ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉ መሪዎች በሰው ፊት ተገረፉ፣ ታሰሩ። ከግርፋቱ የተነሳ የሞቱም ነበሩ።

እስር ቤቱ ምግብ አይሰጥም ነበር። ዘመድ ያላመጣለት ይራባል። ምእመናኑ የሚያመጡት ስንቅ ግን ከራሳቸው ወንድሞች አልፎ ላላመኑት እስረኞችም ይተርፍ ነበር። ይህን ፍቅር ያዩ ብዙዎች ጌታን ፈለጉ። ጣሊያን ወጥቶ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቃቸው 10,000 ገደማ ምእመንና 100 የሚጠጋ ጉባኤ ነው። መነቃቃት ሲባል ለእኛ የሚታየን መድረክና ድምፅ ማጉያ ነው። የወላይታው በስንቅ ቋጠሮም ገብቷል።

እንዲህ ስል ግን «ስደት ለቤተ ክርስቲያን ጥሩ ነው» የሚሉትን አልቀላቀልም። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚለው ታስሮ የማያውቅ ሰው ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ላይ ጴጥሮስ ከወህኒ ወጣ። እዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ያዕቆብ በሰይፍ ተገድሏል። ቤተ ክርስቲያን ለያዕቆብ ሳትጸልይ ቀርታ ነው ብዬ አላምንም። ለምን እንደተለያየ አልተጻፈልንም።

ታዲያ ምን ብለን እንለምን? ጳውሎስን እንስማው። በሰንሰለት ታስሮ ሳለ ኤፌሶን 6 ላይ የለመነው በግልጥ የመናገር ድፍረት ነው። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4 ደግሞ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ አምጣልኝ ይላል፣ መጻሕፍቱንም ጭምር። ከክረምት በፊት ድረስልኝ ብሎም ይጨምራል። በርዶታል እኮ! ትልቁ ሐዋርያ ልብስ አምጡልኝ ማለት አላሳፈረውም። ስለዚህ ድፍረቱንም ብርድ ልብሱንም በአንድ ጸሎት ብንለምን አናፍርም።

ጎረቤታችን ኤርትራ ውስጥ ከግንቦት 1994 ዓ.ም. ጀምሮ ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክና ከሉተራን በቀር ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተዋል። ብዙ አማኞች በብረት ኮንቴይነር ታስረዋል። ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት ብረቱ ይቀዘቅዛል። የተፈቀደላቸውም ቢሆኑ አልተረፉም፤ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት የተቃወሙት የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ አቡነ አንጦንዮስ ከመንበራቸው ተነስተው በ2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በቁም እስር ነበሩ።

በቤት ለቤት ጸሎታችን አንዲት እናት አሉ። በወጣትነታቸው ለባለቤታቸው ስንቅ አመላልሰዋል። ባለፈው ረቡዕ ይህን የጸሎት ርዕስ ስናነሳ ብዙ አላሉም። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ሌሊት ይበርዳቸዋል» አሉና ዝም አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ክዳኑን የሚከፍተውንም ልጅ አስበው፤ እሱም እናት አለችው» አሉ።