«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል»፦ ባሕር ዳር ላይ ቦታውን የሳተ አባባል

ባሕር ዳር ውስጥ ኪራይ ተወዶበት ከአንዱ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላው የሚዛወር ሰው መሸኛ ሊያወጣ ሲሰለፍ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባልበታል። ያለ ቦታው ነው። ሰውዬው መታወቂያውን ለነባሩ ቀበሌ መልሶ፣ የቤተሰቡ ስም የሰፈረበትን መሸኛ በማኅተም ተቀብሎ፣ አዲሱ ቀበሌ ሄዶ ይመዘገባል። ማደሪያ አለው።

አባባሉ የወጣው የክረምት ሙላት ካየ ሰው አፍ ነው። የሐምሌ ውሃ ዳሩን ከሥር ከሥሩ ይቦረቡርና ዛፉን ከነሥሩ ይገነድሰዋል። ቅርንጫፉ ከዐለት እየተላተመ ይረግፋል፤ የሚቀረው ግንዱ ነው። ደረቅ እንጨት ከላይ ይንሳፈፋል፣ ርጥቡና ከባዱ ግን ገሚሱ በደፈረሰው ውሃ ተሸፍኖ ስለሚወርድ ለዋናተኛ ዋነኛው ጠንቅ እሱ ነው፤ ሲደርስ እንጂ ሲመጣ አይታይም። ወንዙ በሚጠመዘዝበት በውስጠኛው ዳር፣ ፍሰቱ በሚላላበት፣ ሥሩ አሸዋ ይቆነጥጥና ይቆማል። ያረፈ ይመስላል። ቀጣዩ ሙላት ከፍ ብሎ ሲመጣ ያነሣውና ጉዞው ይቀጥላል።

ታዲያ ይህ የት ተባለ? ባሕር ዳር ላይ አልተባለም ባይ ነኝ። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ውሃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ጣና ሲገባ ጉልበቱ ያልቃል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሚሰፋው ሐይቅ ደለሉ ይዘቅጣል፤ ግንዱን ወይ ነፋስ ወደ ዳር ይገፋዋል ወይ ውሃ ጠጥቶ ይሰምጣል። ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል የሚለው የአባቶች ትረካ እንኳ ስለ ውሃው እንጂ ስለ ግንዱ አይናገርም። ሙላቱም ጣና ውስጥ ይዘገያል፦ ገባሮቹ በነሐሴ ሲያስገመግሙ ሐይቁ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው በመስከረም ነው። መውጫውንም ዛሬ ጨረጨራ ላይ ያለው ግድብ በመዝጊያ ይመጥነዋል። ከሐይቁ ወደ ከተማው ተንሳፍፎ የሚመጣው ደንገልና እምቦጭ ነው።

እኔ አባባሉን የምሰጠው ከጢስ ዓባይ በታች ላለው በረሃ ነው። በዚያ የበሽሎ ወንዝ ከወሎ፣ የጀማ ወንዝ ከሸዋ ደጋ ግንድ እያግተለተሉ ይቀላቀሉታል። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እንዲያውም ዋናው ይህ ይመስለኛል። በዚያ ዓባይ ድንበር ነው፦ ወዲህ ጎጃም፣ ወዲያ ወሎና ሸዋ። ሁሉም «እስከ ዓባይ» ብሎ አገሩን ይቆጥራል፣ ዓባይን ግን የእኔ ነዋሪ ብሎ የሚመዘግብ የለም። ማደሪያ ያጣው በዚህ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ወንዙ በአንድ ከተማ መሐል ያልፋል፤ ወደ መሸንቲ የሚወጣው ወገንም፣ ወደ ዘንዘልማና ወደ ጎንደር የሚወጣው ዓባይ ማዶም የሚተዳደሩት በአንድ ከተማ አስተዳደር ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የ380 ሜትር ድልድይም ያገናኘው የአንድ ከተማ ሁለት ሰፈሮችን ነው፤ ከዓባይ ማዶ ወደ ፋሲሎ የሚዛወር ሰው ከተማውን አልለቀቀም።

እንዲህ ያለውን ተከራይ በዚህ አባባል መሸንቆጥ ነውር ነው። ቤት አከራዮች ይተዉት፣ የቀበሌ ጸሐፊዎችም መሸኛውን ቶሎ ጽፈው ይስጡት፤ የልጆቹ ስም ካልጎደለበት አዲሱ ቀበሌ ዳግመኛ አይመልሰውም።