ሶላር በቤት ውስጥ፦ መብራቱ፣ ሙቅ ውሃውና ምጣዱ

አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ላይ ወጥቶ ሰፈሩን ቁልቁል የሚያይ ሰው ከሮቶው ጎን ሁለት ዓይነት ዕቃ ጣሪያ ላይ ያያል። አንዱ የተጋደመ በርሜል ነው፤ ከሥሩ ጥቁር የመስታወት ቱቦዎች እንደ በገና አውታር ተደርድረው ይወርዳሉ። ሌላው ጠፍጣፋና ጠቆር ያለ ሰሌዳ ነው። በሰው አፍ ሁለቱም "ሶላር" ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ባለቱቦው ቅንጣት ኤሌክትሪክ አያመነጭም፤ የፀሐይን ሙቀት ተቀብሎ ለውሃው ይሰጣል። ሰሌዳው፣ ማለትም ፓነሉ፣ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። "ሶላር አስገባሁ፤ ቦይለሩን ግን አላነሳልኝም" የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ የስም መደባለቅ ነው።

የኢትዮጵያ ፀሐይ ለሁለቱም ትበቃለች። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በአማካይ በቀን 5.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ያርፋል። ይህም 1,500 ዋት የሚወስድ ቦይለር ለሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ሲሠራ ከሚበላው ጋር እኩል ነው። ጥያቄው ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉን ማስቀረት ይቻላል የሚለው ነው።

ዛሬ የምናውቀው የሲሊከን ፓነል እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ለሕዝብ ሲታይ የሚለውጠው ካረፈበት ብርሃን 6 በመቶውን ያህል ብቻ ነበር። አሁን ገበያ ላይ ያለው ጥሩ ፓነል 20 በመቶና ከዚያ ትንሽ በላይ ይለውጣል። ይህች ቁጥር ለገዢም ትጠቅማለች። በጠራ ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር ፓነል የሚሰጠው ወደ 200 ዋት ስለሆነ፣ እውነተኛ የ300 ዋት ፓነል ቁመቱ 1.6 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ገደማ ይሆናል። ብብት ሥር የሚገባ ሰሌዳ ላይ "300 ዋት" የሚል ወረቀት ከተለጠፈ የዋሸው ወረቀቱ ነው። ሱቅ ሲገባ ሜትር ይዞ መሄድ አያሳፍርም።

ፓነል ብርሃን ይወዳል፤ ሙቀት አይወድም። የራሱ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለፈ ቁጥር በየዲግሪው ከአቅሙ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ያጣል። ስለዚህ የደጋው ቀዝቃዛ አየርና ጠንካራ ፀሐይ ይስማሙታል፤ አፋር ወይም ጋምቤላ ላይ ያው ፓነል በሙቀቱ ይደክማል። አቅጣጫውስ? አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ታዲያ ገጣሚዎች ፓነሉን ወደ ደቡብ የሚያዘነብሉት ለምንድን ነው? ሰማዩ ጥርት የሚለው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ፀሐይዋ በደቡብ ናት። በክረምት ደግሞ ደመናው ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ፊቱን የትም ቢያዞር ብዙ ለውጥ የለውም። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ማዘንበሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዝናቡ አቧራውን ያጥበዋል።

በገጠር ሶላር ማለት በመጀመሪያ ኩራዝን መተካት ነው። በአማራ ክልል ሬማ የተባለችው መንደር በዚህ ረገድ ስሟ ይነሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ገደማ ቤቶቿ ላይ ትንንሽ ፓነሎች ተተክለው "የሶላር መንደር" ተብላለች። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ደግሞ በ2025 ለሁሉም መብራት ለማዳረስ ሲያቅድ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ በሆነ አቅርቦት፣ በዋነኛነትም በሶላር፣ ለማድረስ ነበር። ሙሉው ዕቅድ በጊዜው አልደረሰም። በየገጠሩ የሚታየው ግን ቀላል ነገር ነው፦ ሁለት ሦስት አምፖል፣ ሬዲዮ፣ የስልክ ቻርጅ። ስልኩን ለገበያ ቀን ወደ ከተማ ልኮ ከፍሎ ያስሞላ የነበረ ገበሬ የዚህን ዋጋ አሳምሮ ያውቀዋል።

ምጣድ ሲነሳ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ የገጠሩ ቤት ፓነል ግን ብዙ ጊዜ 50 ዋት እንኳ አይሞላም። ሰባ ሰማንያ እንደዚህ ያለ ፓነል በአንድ ጊዜ ቢሰለፍ ነው አንድ ምጣድ የሚግለው፤ ያውም ጠራራ ፀሐይ ላይ። የቤተሰቡ ትልቁ የጉልበት ፍጆታ መብራት ሳይሆን ምግብ ማብሰል ስለሆነ ሶላር የገባበት ቤት ጓሮ የማገዶ ክምር ማየት ሊገርመን አይገባም።

ከተማ ውስጥ ፓነል የሚገዛው ይበልጥ መብራት ሲጠፋ ለመዳን ነው፤ የኤሌክትሪክ ታሪፉ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር መደረጉም ሰዉን ማሳሰቡ አልቀረም። እዚህ የሚያስለቅሰው ባትሪው ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ለሞተር ማስነሻ የተሠራውን የመኪና ባትሪ ለዚህ ሥራ ማዋል ደግሞ ርካሽ መስሎ ቶሎ የሚያስከፍል ነገር ነው። የሊቲየም ባትሪ ሲገዛ ይወደዳል፤ ነገር ግን ብዙውን ይዘቱን አሟጦ መጠቀም ይቻላል፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

አሁን ወደ ቱቦዎቹ። መቶ ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የውሃ ማሞቂያው ካረፈበት ሙቀት ግማሹንና ከዚያ በላይ ስለሚያስቀር 2 ካሬ ሜትር ይበቃዋል። ይህንኑ በፓነል ልሥራ ያለ ሰው ከ5 እስከ 6 ካሬ ሜትር ፓነል ከነኢንቨርተሩ፣ ማለትም የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲስማማ ከሚለውጠው መሣሪያ ጋር፣ ይፈልጋል። ፓምፕም አያሻም፦ የሞቀው ውሃ ቀላል ስለሆነ በቱቦው ወደ በርሜሉ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ተተክቶ ይወርዳል። በርሜሉ ሁልጊዜ ከላይ የሚጋደመው ለዚህ ነው። እስራኤል ይህን ቀደም ብላ ገባት፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ አዲስ የመኖሪያ ቤት ያለ ፀሐይ ማሞቂያ እንዳይሠራ ደንግጋለች፤ እዚያ የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያንም "ዱድ ሼሜሽ" የሚለውን የዕብራይስጥ ስሙን ያውቁታል። የእኛው ጣሪያ ላይ ያለው ግን በአብዛኛው ቻይና ሠራሽ ነው፦ ሁለት መስታወት አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብቶ በመሃላቸው ያለው አየር ተመጥጦ የወጣበት፣ እንደ ፔርሙዝ ያለ።

እያንዳንዱ ቱቦ ከታች ጫፉ ብር የተቀባ የመሰለ ክፍል አለው። አየር ከገባበት ያ ብር ወደ ወተት ነጭ ይለወጣል፤ ቱቦው መሞቱን በዚህ ያውቁታል።

ገጠማው ላይ የሚዘነጋው የውሃው ግፊት ነው። በርሜሉ ግፊት የማይችል ዓይነት ከሆነ ሻወሩ ላይ የሚቀላቀለው ቀዝቃዛ ውሃ በቀጥታ ከመንገድ መስመር መምጣት የለበትም፤ ኃይሉ ስለሚበልጥ ሙቁን ወደ ኋላ ገፍቶ በርሜሉን ያስፈስሰዋል። ሙቁም ቀዝቃዛውም ከአንድ ሮቶ ቢነሱ ሰላም ነው። በጥር ፀሐይ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ 80 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ልጆች ባሉበት ቤት ማቀላቀያው የግድ ነው። በሐምሌ ደግሞ በተቃራኒው ለብ ይልና ይቆማል፤ በርሜሉ ውስጥ የሚገባው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለዚያ ወቅት ነው።

የቱቦ ትልቁ ጠላት ግን የውሃ ፈረቃ ነው። ውሃ ሄዶ በርሜሉ ሲደርቅ ባዶው ቱቦ ፀሐይ ላይ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላል። ስድስት ሰዓት ላይ ውሃ ድንገት ሲመጣ ቀዝቃዛው በጋለው መስታወት ላይ ይወርድና ጣሪያው ላይ ጧ፣ ጧ የሚል ድምፅ ይሰማል። ፈረቃ ባለበት ሰፈር የሚኖር ነቃ ያለ ሰው የበርሜሉን መግቢያ ዘግቶ ይውላል፤ የሚከፍተው ፀሐይ ከጠለቀች ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ነው።