ትራንስዱሰር ምንድን ነው? ለሐይቅ ጀልባስ የቱ ይሻላል?

የውሃ ጥልቀት የሚያነብ መሣሪያ ልትገዙ ስትሉ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ስክሪኑን ነው። ትልቅ ነው፣ ባለቀለም ነው፣ ካርታም አለው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ካርቶኑ ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠው፣ ገመድ ያለው ትንሽ ጥቁር ዕቃ ነው። ትራንስዱሰር የሚባለው እሱ ነው። ድምፁን ወደ ውሃው የሚልከውም፣ ሲመለስ የሚቀበለውም እሱ ነው። ስክሪኑ የተነገረውን ነው የሚያሳየው።

ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ የጮኸ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል፤ ገደል ማሚቶ ነው። ትራንስዱሰሩ ውስጥ ሴራሚክ ዲስክ አለ። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ይርገበገብና ድምፅ ያወጣል። ድምፁ የውሃውን የታችኛውን ወለል ነክቶ ሲመለስ ደግሞ ዲስኩን ያርገበግበዋል፣ ያኔ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህ ባሕርይ ፒዞኤሌክትሪክ ይባላል። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ላንዠቫን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰርጓጅ መርከብ ለማግኘት የተጠቀመው በዚሁ ነበር። ሥራ ላይ ያለ ትራንስዱሰር ላይ ጆሯችሁን ብታስጠጉ ትክ ትክ ሲል ትሰሙታላችሁ።

ድምፅ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1480 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጥልቀቱ 40 ሜትር ከሆነ ደርሶ መልሱ 80 ሜትር ነው። ይህ በ0.054 ሰከንድ ያልቃል። መሣሪያው ጊዜውን ይለካል፣ በፍጥነቱ ያባዛል፣ ለሁለት ያካፍላል። በቃ፣ ሌላ አስማት የለውም። በባሕር ውሃ ድምፅ ትንሽ ስለሚፈጥን ብዙ መሣሪያዎች ጨዋማ ወይም ጨው አልባ ብላችሁ እንድትመርጡ ይጠይቃሉ። ቅንብሩን ጨዋማ ላይ እንዳለ ትታችሁት ሐይቅ ውስጥ 80 ሜትር ላይ ብትለኩ ሁለት ሜትር ያህል ሊያሳስታችሁ ይችላል።

ምርጫው ላይ እንምጣ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የሐይቅ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ጎረቤቱ አርዲቦም ወደ 60 ሜትር ይጠጋል። ጥልቅ ናቸው፣ ግን ጨው የላቸውም። ጨው በሌለው ውሃ ደግሞ 200 ኪሎኸርዝ የሚባለው፣ በሰከንድ 200 ሺህ ጊዜ የሚርገበገበው ከፍተኛ ሞገድ እንዲህ ላለ ጥልቀት ይበቃል። ዝርዝሩንም አጥርቶ ያሳያል። 50 ኪሎኸርዝ ለጥልቅ ባሕር ነው። «ሐይቁ ጥልቅ ነው፣ ኃይለኛው ይሁንልህ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ በፈገግታ እለፉት።

ሰው ልብ የማይለው ነገር የድምፁን ስፋት ነው። ድምፁ ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ እየሰፋ ነው የሚሄደው። የ20 ዲግሪ ትራንስዱሰር 30 ሜትር ላይ ሲደርስ ከ10 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ክብ ይሸፍናል። ወለሉ ሜዳ ከሆነ ችግር የለም። ተዳፋት ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚመለሰው ከክቡ ውስጥ ቅርብ ካለው ከፍታ የመጣው ድምፅ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ከእናንተ ቀጥታ ሥር ካለው ያነሰ ጥልቀት ይነግራችኋል። ጀልባ እንዳይነካ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ አይጎዳም። የሐይቁን ወለል ካርታ ላንሳ ለሚል ግን ጠባቡ ይሻላል።

ቀጥሎ ጀልባው ከምን እንደተሠራ እዩ። ፋይበር ግላስ ከሆነና ውስጡ አረፋ ወይም አየር ከሌለው፣ ትራንስዱሰሩን ሳትበሱ ከውስጥ ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ ማጣበቅ ይቻላል። ድምፁ አልፎ ይሄዳል። እንጨት ላይ ይህ አይሠራም። ኮምቦልቻ የተበየደ የላሜራ ጀልባ ላይም እንደዚሁ፤ እሱ ከኋላ ግድግዳው ላይ በውጭ ይታሰራል። ታዲያ አካሉ ነሐስ የሆነውን ትራንስዱሰር ትታችሁ ፕላስቲኩን ግዙ። ነሐስ ከሌላ ብረት ጋር ውሃ ውስጥ ከተገናኘ ያንን ብረት ቶሎ ያስበላዋል። መሰኪያው ከስክሪናችሁ ጋር መግጠሙንም ሳታረጋግጡ ከውጭ በሚመጣ ሰው አታስልኩ፤ መሰኪያ በየብራንዱ ይለያያል።

ገንዘብ የሚባክነው ግን ግዢው ላይ ሳይሆን ገጠማው ላይ ነው። የትራንስዱሰር ጠላቱ አየር ነው። ፊቱ ሥር የአየር አረፋ ካለፈ ድምፁ እዚያው ይቀራል፣ ስክሪኑም ቁጥር መዝለል ይጀምራል። ስለዚህ ከሞተሩ ፕሮፔለር 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ከብየዳ መስመርና ከተነሳ ቡሎን ኋላም አታስቀምጡት፤ ውሃውን እያረበሹ አረፋ ያመጡበታል። ፕሮፔለሩ ከኋላ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ከሆነ ቀኝ ጎኑ ይመረጣል። የታችኛው ፊት ከጀልባው ሆድ ትንሽ ዝቅ ይበል፤ ለፋይበር ግላስ 3፣ ለአሉሚኒየም 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። ጀልባው ውሃ ላይ ተንሳፎ፣ ሰውና ነዳጁ ተጭኖ ሳለ በውሃ ልክ አረጋግጡት። መሬት ላይ ቀጥ ያለው ውሃ ላይ ሲወጣ ያዘነብላል።

ግድግዳውን በየጊዜው ላለመብሳት አንድ ዘዴ አለ። መጀመሪያ ወፍራም የፕላስቲክ ሰሌዳ በሁለት ቪቴ ግጠሙ፣ ትራንስዱሰሩን ሰሌዳው ላይ እሰሩ። ቦታው ካልተስማማ ቀዳዳው የሚበዛው ሰሌዳው ላይ ነው። እያንዳንዱን ቀዳዳ ሲሊኮን ሙሉት። ገመዱን ከሞተሩ ሽቦዎች ጋር አትጠቅልሉት፤ ስክሪኑ ላይ ዝናብ የመሰለ ነጠብጣብ ያመጣል። ረዘመ ብላችሁም አትቁረጡት፣ ትርፉን ጠቅልላችሁ እሰሩት።

ሲያልቅ ጀልባውን ጸጥ ያለ ውሃ ላይ አቁሙ። በየሜትሩ ቋጠሮ ያለው ገመድ ላይ ድንጋይ እሰሩና ጣሉት። ገመዱ 6 ሜትር፣ ስክሪኑ 5 ሜትር ከ70 ቢል አትደንግጡ። መሣሪያው የሚቆጥረው ከራሱ ፊት ጀምሮ ነው እንጂ ከውሃው ገጽ አይደለም። ያንን 30 ሳንቲ ሜትር በቅንብሩ ላይ ጨምሩለት። ገመዱ ከሐይቁ ዳር ሣር መሃል ከገባ ግን ልኬቱን አትመኑ፤ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ለመሣሪያውም ወለል ይመስለዋል።